የቆርቆሮው ታንክ ድምፅ

ሂንድዬ፣ ላሊበላ መሃል መንገድ ላይ ታንክ ቆሞ አገኘሁ ብልሽ ታምኛለሽ? ለአስቂኝ ፊልም የሠሩት ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው አካሉ ቆርቆሮ፣ መድፉ የጣሪያ አሸንዳ፣ ከሥሩ ደግሞ አባትሽ ጋራዥ በር ላይ እንደቆመው ያለ አሮጌ አይሱዙ! ሰዉ ግን ፈርቶ ከሩቅ ነበር የሚያየው። በኋላ እማማ ዓይናዲስ የሚባሉ የሰፈሩ አሮጊት መጥተው በምርኩዛቸው ሲመቱት ኳ አለ፤ መንገዱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን ጆሯቸውን አስጠግተው ደግመው መቱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ በጦርነቱ ጊዜ በደጄ ያለፈውስ ቢነኩት እንዲህ ይል ነበር?»

አጣርቼ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። ፖስት ካርዷ ሞላችብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። አባትሽ ብረት ያውቃሉና ጠይቂልኝ። እማማ ስልክ ቁጥሬን ይዘዋል።

ሀፊዛ