መክፈቻውን ከውስጥ ላሸጉት ኃላፊ

ለተከበሩ የሶፍትዌር ስርጭት ቢሮ ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎና ከነአዲሱ ኮምፒውተርዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ የምሸጥ ሸዋገነት ማኑሄ ነኝ። ልጄ ፀሎት ዓይነ ስውር ናት፤ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትፈተናለች። ቢሮዎ መጻሕፍትን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር በነፃ ለቀቀ ሲባል እልል ያልኩት እኔ ነኝ። እልልታዬን መልሱልኝ ማለት ነውር ሆኖብኝ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ሶፍትዌሩን ጨምቆ ጨምቆ እፍኝ የሚያደርግ አዲስ የማሸጊያ ፎርማት መርጠው የሕዝቡን ኢንተርኔት ስለቆጠቡ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እኛ ኮልፌዎች ግን ሶፍትዌር አንዱ ያወርድና በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ነው የምናዞረው። የፀሎትም የመጣው ከዓለም ባንክ ሰፈር በታክሲ ነው፤ ፍላሹ ላይ ደግሞ ቦታ ሞልቶ ተርፏል። ያልቸገረንን ቆጥበውልናልና እግዜር ይስጥልን።

2. ማንኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ያለ አጋዥ የሚከፍተውን ዚፕ የተባለ ማሸጊያ ጊዜው ያለፈበት ነው ብለው ስለናቁልን እጅ እነሳለሁ። የእርስዎን ምርጫ የሚከፍት ፕሮግራም አስቀድሞ መጫን አለበት፤ እርስዎም ለእኛ አስበው ፕሮግራሙን እዚያው ጥቅል ውስጥ ከትተውታል። ይህን ያፈለቀ ጭንቅላት ይባረክ! ደውዬ ባስረዳ ሠራተኛዎ በትልቅ ትህትና መክፈቻውን ለብቻው ላከልኝ፤ እሱም በዚያው ፎርማት ታሽጎ መጣ።

3. ጎረቤታችን አብራር ከሌላ ቦታ መክፈቻ ፈልጎ ጫነልን። ለካ ያን ያህል የተጨመቀ ነገር ሲፈታ ብዙ ሚሞሪ ይበላል፤ የቤታችን ኮምፒውተር ግማሽ ላይ ሲደርስ ድርቅ ብሎ ቀረ። ይህንንም ስናመለክት ቢሮዎ አዲስ ኮምፒውተር ግዙ የሚል አጭርና ግልጽ ምክር ስለለገሰን ከልብ እናመሰግናለን።

አራተኛውን ጽፌ ሰረዝኩት፣ ስድብ ሆነብኝ። ፀሎት የክፍል ጓደኞቿን አንብቡልኝ እያለች መለመን ስልችት ብሏት፣ ትምህርቱ ይቅርብኝ ብላኛለች። እሷ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ፣ በጣም ተናድጃለሁ። ያቺ ልጅ ሰነፍ ሆና አይደለም የምትቀረው፤ እናንተ የጥቅሉን ትንሽነት በስብሰባ ላይ ለማሳየት ስለፈለጋችሁ ነው። የምለምነው ያንኑ ሶፍትዌር በተራው ዚፕ አሽጋችሁ እንድትለቁልን ብቻ ነው። ትልቅ ይሁን፣ እንሸከመዋለን።

ያልተከፈተ ጥቅልዎን ታቅፌ፣ ከወንበርዎ በታች በፍጹም አክብሮት ቆሜ የምጠብቅ፣
ሸዋገነት ማኑሄ
ኮልፌ ቀራኒዮ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለፀሎት አነበብኩላት። ኃላፊው ዓይናቸው ያያል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያያል አልኳት፤ አላመነችኝም።