የውሃ ዕጣ የደረሳቸው አባታችን የሕይወት ታሪክ

ሟች ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከባቡር ሐዲድ ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። በ1970 ዓ.ም. በአንድ የምርምር ተቋም በአይጥ ተንከባካቢነት ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው አገለገሉ። የሠፈር ልጆች "የአይጥ አባት" ሲሏቸው እየሳቁ አቤት ይሉ ነበር።

ሥራው ልብ ይሰብራል። ጨረር ሰውነት ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለውን ውሃ ይሰባብራል፤ ስብርባሪው ደግሞ የሴሎችን ዲ ኤን ኤ ይበጥሳል። ተቋሙ ይፈትነው የነበረው መድኃኒት ስብርባሪውን ቀድሞ እየያዘ ጤነኛውን አካል የሚከልል ነበር። በዕጣ ግማሾቹ አይጦች መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ ውሃ ይወጋሉ፤ ከዚያ ሁሉም ላይ ጨረር ይለቀቃል። ሟች ማልደው ገብተው መጀመሪያ የሚጎበኙት ውሃ የደረሳቸውን ነበር። አፋቸው ቆስሎ ሲያዩ ምግባቸውን አለስልሰው ያቀርቡላቸዋል። በ1978 ዓ.ም. ያገቧቸው ባለቤታቸው "ለኔ እንኳ እንዲህ አላዘነም" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጉሮሯቸው ላይ ካንሰር ተገኘ፤ በጨረር እንዲታከሙም ተወሰነ። ያው መድኃኒት በሰው ላይ ሊፈተን ስለነበር ደስ ብሏቸው ገቡበት። ማን መድኃኒቱን፣ ማን ጨዋማ ውሃ እንደሚወጋ ለታካሚም ለሐኪምም አይነገርም። ከመርፌው በኋላ አብረዋቸው ከተቀመጡት ታካሚዎች አንዳንዶቹን ሲያስመልሳቸው ሟች ምንም አልሆኑም። ባለቤታቸው "የኔ ሰው ሆዱ ብረት ነው፤ መድኃኒቱ ተስማማው" ብለው ለጎረቤት ሁሉ አወሩ።

ሟች ግን መድኃኒቱ ሰውን እንደሚያስመልስ ከተቋሙ ባለሙያዎች ሰምተው ነበር። ምራቃቸው ደርቆ መዋጥ ሲያቅታቸው ለታላቋ ልጃቸው "ውሃው ነው የደረሰኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፤ ደስታዋን አትንኪባት" አሏት። ሙከራውን ለምን ጥለው እንደማይወጡ ስትጠይቃቸው "ውሃ የሚወጋ ከሌለ መድኃኒቱ መሥራቱ በምን ይታወቃል?" አሉ። ልጃቸው ይህን እስከ ዛሬ አልተቀበለችም። ጨረሩ ያመጣው የአፋቸው ቁስል ምግብ ስለከለከላቸው የጨረር ሕክምናው ተቋረጠ፤ በሽታውም ባሰ። መድኃኒቱ ደርሷቸው ቢሆን ይድኑ እንደነበር የሚነግረን የለም፤ ይህም አንጀታችንን ያሳርረዋል።

ሟች ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐረፉ። የሁለት ሴት ልጆች አባትና የአንድ ልጅ አያት ነበሩ። ባለቤታቸው እውነቱን የሰሙት ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ነው፤ "ሆዱ ብረት ነው" ያሉበትን አፋቸውን ሲረግሙ ውለዋል።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ ዕጣ በማይወጣበት ቦታ ያሳርፍልን።