እኛ ቤት የገባችው የእንግሊዝኛ ሬዲዮ

ሰዓዳዬ፣

የሞትሽው በርዕሰ መምህር እንድሪስ ምክንያት ነው። ሌላው ሰው ጦርነቱ ነው ይላል፤ እኔ ግን የሰው ስም እጠራለሁ። ከተለየሽኝ ሦስት ክረምት አለፈ፤ እዚህ ሐይቁ ዳር ማንም ጮክ ብሎ ያላለውን ለአንቺ ልንገርሽ ብዬ ብዕር አነሳሁ። እኔን እናትሽን በስተርጅና ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

ቤታችን እንዳለ ነው። ላሟ ወለደች። እህትሽ ከጅዳ ተመልሳ ውጫሌ ሱቅ ከፍታለች። ክፍልሽን አዲስ መምህር ይዞታል፤ ሥርዓተ ትምህርቱም ተቀይሯል አሉ። ልጆቹ እንግሊዝኛውን ከሰሌዳ ገልብጠው ይመለሳሉ፤ ሲናገሩት ግን አልሰማም። አንቺ ወደ ሐይቁ ይዘሻቸው ወርደሽ ታንኳውን፣ ዓሣውን፣ ውሃውን እያሳየሽ ስታስጠሪያቸው አጥማጆቹ ሳይቀሩ አብረው ይጮኹ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ዓሣው በእንግሊዝኛ ሲጠሩት ይመጣል ወይ ብለው ቢያላግጡብሽ፣ "ይሞክሩት አባ!" ብለሽ ሁሉንም አሳቅሽ።

ያችን የትምህርት ቤቱን ሬዲዮ ደግሞ እንዴት ትሳሺላት ነበር! የእንግሊዝኛው ትምህርት ሲተላለፍ ልጆቹን ዙሪያዋን ታስቀምጫለሽ። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ታሰጪዋለሽ።

ውጊያው ሲቀርብ እንድሪስ መጣ። ደጃችን ላይ ቆሞ፣ እኔ እየሰማሁ፣ "ትምህርት ቤቱ መዘረፉ አይቀርም፤ ሬዲዮዋን አንቺ ውሰጃት፤ የሴት ቤት ማን ይፈትሻል?" አለሽ። አመነታሽ። ብትጠፋ አንቺ ትጠየቂያለሽ ሲልሽ ተቀበልሽው። እሱ በማግስቱ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ደሴ ሄደ። እኔን እግሬ አላስኬድ ስላለኝ አንቺም ለእኔ ስትይ ቀረሽ።

ታጣቂዎቹ ቤቱን ሲበረብሩ ከጎታው ውስጥ አገኟት። አንቴናዋን መዝዘው ከማን ጋር እንደምትነጋገሪባት ጠየቁሽ። የልጆች መማሪያ ናት ብለሽ፣ እንዲያምኑሽ ከፈትሽላቸው። ትምህርት ተዘግቶ ምን ሊተላለፍ? ሹሹታ ብቻ ወጣ። ያረቢ! ይባስ ብለው ጠረጠሩሽ፤ እጅሽን ይዘው ወሰዱሽ። ከወንዙ ማዶ ወድቀሽ አግኝተን ቀበርንሽ።

አሁን እንድሪስ ተመልሶ የክፍልሽን በር ቀለም አስቀብቶ ስምሽን አስጽፎበታል። በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ከፊት፣ ከጎኑ ያስቀምጠኛል፤ በእንግሊዝኛ አንደኛ ለወጣው ልጅ ሽልማት አስሰጥቶኝ ሰው ያጨበጭባል። የልጆቹን ፊት እያየሁ ችዬው ነበር። ዘንድሮ ግን በሩ ጋ ቆሜ አንድ በአንድ አነበብኩት፦ "የትምህርት ቤቱን ንብረት ለማዳን በራሷ ፈቃድ ሕይወቷን የሰጠች" ይላል። በራሷ ፈቃድ! ያን ሁሉ ፊደል ያስቆጠርሽኝ ይህን ላነብበት ኖሯል?

ሽማግሎች ልኮ አውፍ ትበለኝ፣ ይቅር ትበለኝ ብሏል። አውፍታ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ያደረገውን ይናገራል። እሱ ቀለም ቀባበት።

ልጄ፣ ከዱዓዬ አትጠፊም። ያስተማርሻቸው ልጆች ሲጠይቁኝ የሆነውን እንደሆነው እነግራቸዋለሁ። ከእንግዲህ ግን ከእንድሪስ ጎን ተቀምጬ ለማንም ሽልማት አልሰጥም።