የአፓም ምድጃ ባለቤት የወይዘሮ እኩዋ ኒያርኮዋ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ እኩዋ ኒያርኮዋ ኤሲልፊ ከአባታቸው ከታንኳ ጠራቢው ከአቶ ኮቢና ኤሲልፊ እና ከእናታቸው ዓሣ በጭስ አድርቀው ከሚሸጡት ከዓሣ አጫሿ ከወይዘሮ ኤፉዋ አማናዋ እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1946 በጋና ባሕር ዳርቻ በአፓም ከተማ ተወለዱ። ረቡዕ ስለተወለዱ እኩዋ ተባሉ፤ ገበያው ግን እማማ ለማለት ማሜ ኒያርኮዋ ብሎ ነው የሚያውቃቸው። ይህን ስም በደንብ ያዙልን። ዛሬ የመጣነው እርሳቸውን ልንቀብር ነው፤ ስማቸውን ሊቀብሩ የሞከሩ ሌላ ናቸው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በከተማው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ወንዶቹን ሁሉ ይበልጡ ነበር። የእናታቸው ዓይን በጭስ ብዛት ሲደክም ግን ደብተራቸውን አስቀምጠው ወደ ማጨሻው ገቡ። በ1967 ከጀልባ ሞተር ጠጋኙ ከአቶ ኮጆ አንሳ ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

እናታቸው ጨርሶ ማየት ሲሳናቸው አንጀታቸው አረረና በ1979 የራሳቸውን ምድጃ ሠሩ። ከጭቃ ነው፤ አፉ ጠባብ፣ በላዩ የሽቦ ወንፊቶች የሚደራረቡበት። ሦስት ሸክም እንጨት ይፈጅ የነበረውን ሥራ በአንድ ሸክም ጨረሰ፤ በባሕሩ ዳር ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ደንም ከመጥረቢያ ተረፈ። በሁለት ዓመት ውስጥ በአፓም የማሜን ምድጃ ያልሠራች ሴት አልነበረችም።

በ1986 በማደግ ላይ ያሉ አገሮች እውቀታቸውን እርስ በርስ እንዲካፈሉ የተቋቋመ አንድ ፕሮግራም ይህን ምድጃ ለሴራሊዮን ዓሣ አጫሾች ሊያደርስ ተነሣ። መልካም ሐሳብ ነበር፤ ማሜም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልነቀፉትም። ሥራውን እንዲመሩ የተላኩት ግን ዶክተር ሲልቬስተር አሞያው ናቸው፤ ከመሀል አገር የመጡ፣ ባሕርን በሥዕል የሚያውቁ ሰው። ምድጃውን ሊለኩ የመጡት ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ባሕራችን ያርፋል፤ ታንኳ አይወጣም፣ እሳት አይነድም። አመዱ እንዲጠረግ ከምድጃው አፍ ላይ ጡቦች ይነሣሉ፤ አፉም በእጥፍ ይሰፋል። ማሜ፣ «ዶክተር፣ ነገ ይመለሱ። ምድጃው ዛሬ ለጽዳት ተከፍቶ ነው ያለው» አሏቸው። እርሳቸው፣ «መኪናው አይጠብቀኝም፣ እናቴ» ብለው የተከፈተውን አፍ ለክተው ሄዱ።

በ1988 የፕሮግራሙ መጽሔት ታተመ። ሽፋኑ ላይ የማሜ ምድጃ አለ፤ ከሥሩ «የሥራው ፈልሳፊ፦ ዶክተር ሲልቬስተር አሞያው» ይላል። ማሜ አክራ ድረስ ሄደው ዶክተሩን ቢጠይቁ፣ «እናቴ፣ እርስዎ ዓሣዎን ያጭሱ፤ ወረቀቱን ለእኛ ይተዉት» ተባሉ። ያውም በጸሐፊዎች ፊት። ያን ቀን ቂም ቋጠሩ። ቄሳችን ቂም ኃጢአት ነው ብለው ደጋግመው መክረዋቸዋል፤ ማሜ በአክብሮት ሰምተዋል፣ ቂሙን ግን አልፈቱም።

በዓመቱ ያቦም ቤንዱ የተባሉ የሴራሊዮን ዓሣ አጫሽ የዶክተሩን ሥዕል ይዘው አፓም ድረስ መጡ። በዚያ ሥዕል በሺንጌ መንደር የተሠሩት ስልሳ አራት ምድጃዎች እንጨት እንደ ጉድ ይፈጃሉ፣ ወንፊቱንም ዓሣውንም ያከስላሉ። ሴቶቹ የዓሣውን ወቅት በሙሉ ከስረው ወደ ማንግሮቩ መጥረቢያ ይዘው ተመልሰዋል። ማሜ ሥዕሉን ገና ሲያዩት የማክሰኞውን አፍ አወቁት። ቤተሰቡ አይደብቅም፤ «እሰይ! የእጃቸውን ይስጣቸው» ብለው ከልባቸው ሳቁ። ወይዘሮ ያቦም ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው የተቃጠለ ክንዳቸውን አሳዩና፣ «የተቃጠልነው እኛ ነን እኮ፣ እህቴ። እሳቸውማ ሜዳሊያ ተሸልመዋል» አሏቸው። ማሜ አፈሩ። በሳምንቱ አብረዋቸው ተጓዙ።

ሰባት ወር ሺንጌ ተቀምጠው የስልሳ አራቱንም ምድጃ አፍ አጠበቡ። ጭቃው ሳይደርቅም በእያንዳንዱ ላይ «እኩዋ ኒያርኮዋ፣ አፓም» ብለው በጣታቸው ጻፉ። በምርቃቱ ቀን ዶክተሩ ከዘጠኝ አገሮች እንግዶች ጋር መጥተው ሪባን ቆረጡ። አንድ እንግዳ፣ «ይህች ኒያርኮዋ ማን ናት?» ብለው ቢጠይቋቸው ዶክተሩ፣ «ጭቃ የምታቦካልን ሴት ናት» አሉ። ማሜ ሦስት እርምጃ ርቀው ቆመው ነበር።

ከዚያ በኋላ ማሜ ቶጎና ጋምቢያ ድረስ እየተጠሩ ብዙ ሴቶችን አስተምረዋል። ወይዘሮ ያቦምም በየዓመቱ የገና ሰሞን እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር፤ ዛሬም ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው በ2004 ሲያርፉ ማሜ ቤታቸውን ብቻቸውን አስተዳደሩ። በመጨረሻ ገና በልጅነታቸው መዋጥ የጀመሩት ጭስ ሳንባቸውን ጎድቶት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 2019 በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሦስት ልጆችና አሥራ አንድ የልጅ ልጆች ትተዋል።

ማሜ በታመሙ ጊዜ ይህን ታሪክ ለእህታቸው ልጅ ቃል በቃል እየነገሩ አስጽፈዋል፤ ከሞታቸው ወዲህ ያለውን ብቻ ቤተሰቡ ጨምሮበታል። በቀብራቸው ዕለት ማን እንደሚያነበውም ወስነዋል። እስከዚህ መስመር ድረስ ያነበቡልን ዶክተር ሲልቬስተር አሞያው ናቸው። ዶክተሩ ግብዣውን በደስታ ተቀብለው ጽሑፉን አስቀድመው ቢጠይቁም፣ በዕለቱ ይደርስዎታል ተብለዋል። ይህ ጽሑፍ ታትሞ በሁላችሁም እጅ ስላለ፣ የዘለሉት ቃል ካለ ጮክ ብላችሁ ታነቡላቸዋላችሁ። አሁን መነጽራቸውን ጠርገው ሲያበቁ ማሜ የተዉላቸውን አንድ ዐረፍተ ነገር ያነቡልናል፦

«ምድጃውን የሠሩት እኩዋ ኒያርኮዋ ናቸው፤ እኔ አይደለሁም።»

እግዚአብሔር የማሜን ነፍስ ጭስ በሌለበት ያሳርፍልን። ለዶክተራችንም ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፤ ይህን ቀን እያስታወሱ ይኑሩት።