ለሰይፉ ያላደረስኩት መርዶ

ለታላቅ እህቴ ለእትዬ አስካሉ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ደብረ ብርሃን ድረስ ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽ መድኃኒት ተስማማሽ ወይ? ልጆችሽስ፣ ጎረቤቱስ፣ ዕድርተኛውስ እንደምን አሉ? ብርዱስ ዘንድሮ በረታባችሁ ወይስ ራራላችሁ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጄ ፀሎትም ደህና ናት፤ በአማርኛ የጠየቅኳትን በጀርመንኛ እየመለሰች ታናድደኛለች እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለባትም። ከዚህ አልፌ ደስ ብሎኛል ብልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ ውሸት ደግሞ ለቤታችን የሚበቃውን ያህል ዋሽተናል።

ከአውስትራሊያ ከተመለስኩ ወዲህ ደጋግመሽ ደውለሽልኛል፣ እያየሁ አላነሳሁም። በስልክ ከሆነ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ አባብልሻለሁ፣ ነገሩም በዚያው ተድበስብሶ ይቀራል። እዚህ ያሉት ጋሼ ግርማ ለጾሙ ወደ አገር ቤት ስለሚገቡ በእሳቸው እጅ ልላክልሽ ብዬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ቢያስቆጣሽም እስከ መጨረሻው አንብቢው።

እማዬ በኅዳር ስታርፍ ወንድማችን ሰይፉ ልቡን ታሞ ሜልበርን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ያኔ አይነገረው ያልሽው አንቺ ነሽ፤ አባባም ተስማማ፣ እኔም ተስማማሁ። እስከዚህ ድረስ ማንንም አልወቅስም። ብቻውን የሚኖር ሰው፣ ያውም የልብ ሕመምተኛ፣ እንዲህ ያለ ነገር በድንገት አይወረወርበትም። ከዳነና ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን ዛሬ ይቆይ፣ ነገ ይቆይ ስንባባል አርባዋ ወጣ፣ ገናም አለፈ። በመጨረሻ ተናኘ ትሂድ፣ ሥጋው አጠገቡ ሆና ይረዳ ብለሽ ወሰንሽ። እኔም አመንኩበት። ለእኔ እዚህ ፍራንክፈርት፣ ጻይልስሃይም፣ እነ ጋሼ ግርማ በማለዳ መጥተው ሲያንኳኩ፣ ስወድቅ የሚያነሳኝ፣ ስጮህ የሚይዘኝ ሰው ነበረኝ። ለሰይፉም እንደዚያው እንዲሆንለት ብዬ አለቃዬን ለምኜ ፈቃድ አወጣሁ። ፀሎት ለምን በስልክ አትነግሪውም ብትለኝ ይሄ የእኛ ባህል አይደለም ብዬ ተቆጣኋት።

ጥቁር ልብሴን አውልቄ ቀይ ሹራብ ለብሼ ሄድኩ። ገና ከኤርፖርት በር ስወጣ እንዳይነቃብኝ ብዬ ነው። ሰይፉም አቅፎኝ ሲያበቃ ቀይ እንዴት ያምርብሻል አለኝ።

ጓደኛው ሀይለየሱስና ሌሎቹ የሜልበርን ሰዎች እኔ በገባሁ ማግስት ጠዋት ቤቱ ሊሰበሰቡ ከአንቺም ከእኔም ጋር ጨርሰው ነበር። እኛ ይህን ስንዶልት ሰይፉም ለካ የራሱን ሲዶልት ኖሯል። መኪናው ኋላ ላይ አንዲት ነጭ ቤት ተቀጥላለች። ካራቫን ይሏታል፤ አልጋ፣ ምድጃና ቁም ሳጥን ያላት በመኪና የምትጎተት ቤት ናት። ከሥራ ባልደረባው ተውሷት ነው። ቤት ከገባን እንግዳው አያስወጣንም፣ ከዚሁ ገጠር ገጠሩን አዙሬ ላሳይሽ፣ ስንመለስ ሰዉን ታገኝዋለሽ ብሎ ሻንጣዬን ወረወረው። ምን ብዬ እንቢ ልበለው? ደክሞኛል ስለው አልጋው እዚያው አለልሽ አለኝ። እኔም ቀይ ሹራቤን ለብሼ ገባሁ።

ወንድማችንን እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፣ እትዬ። ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ስለሆነ ካራቫኗን እንደ አሻንጉሊት ነው የሚያሽከረክራት። በየደረስንበት እግሮቿን ያወርዳል፣ ውሃዋን ያገናኛል፣ ጠረጴዛዋን አጥፎ አልጋ ያደርጋታል። እኔ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ግንባሬን ከበሩ ጋር ሳጋጭ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አራራት የምትባል ትንሽ ከተማ ስንደርስ ኖኅ መርከቡን ያሳረፈው እዚህ ነው ለካ፣ እኛም እናሳርፋት እያለ ለብቻው ይቀልዳል። መንገዱ ዳር የሞተ ካንጋሩ፣ ማዶ በግ፣ ከዚያም ወዲያ ባዶ ሜዳ ነው። በየከተማው አንድ ሰፊ መንገድ፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ በጦርነት የሞቱት ስም የተጻፈበት አንድ ሐውልት አለ። ሰይፉ ከሐውልቶቹ ፊት እየቆመ ስማቸውን ያነብልኝ ነበር። እኔ ደግሞ የእማዬን ስም አፌ ውስጥ ይዤ ከጎኑ እቆማለሁ።

ባላራት በምትባል ከተማ ባደርንበት ጊዜ የካራቫን ማደሪያው መታጠቢያ ቤት ገብቼ ደውዬልሽ ነበር፣ መቼም አልረሳሽውም። አደራሽን መሪ ይዞ እንዳትነግሪው፣ የሚይዘው ሰው በሌለበት እንዳትነግሪው፣ ሜልበርን እስክትመለሱ ቻይው አልሽኝ። ልክ መሰለኝ። የልብ ሕመምተኛ ይቅርና ጤነኛውስ ቢሆን ጎረቤት በሌለበት ሜዳ መርዶ ይነገረዋል ወይ ብዬ ቻልኩት። ሀይለየሱስ በየሰዓቱ ይደውላል፤ ሰይፉ ግብዣ ሊጠራኝ ነው እያለ ስልኩን ያጠፋበታል።

አሁን ሆዴን የሚበላኝን ልንገርሽ። ሆርሻም አካባቢ እንደ ፎቅ የረዘሙ የእህል ጎተራዎች አሉ፤ በግድግዳቸው ላይ የገበሬዎችን ፊት በቀለም ስለውባቸዋል። ሰይፉ ከአንዱ ፊት አቆመኝና ይሄ ፊት እማዬን አይመስልም ወይ አለኝ። እኔን እጄን እያወዛወዝኩ፣ እሱን ከጎኔ፣ በቪዲዮ ቀረጸንና እንደለመደው በአንቺ ስልክ ለእማዬ ላከላት። ምሳ ስንበላ መልስሽ መጣ። እማዬ አይታው በጣም ሳቀች፣ መረቀችህም ብለሽ ጽፈሽ ነበር። ሰይፉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። መልሶም አነበበልኝ።

እትዬ፣ ምን ነክቶሽ ነው? ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ዝም ያለ ሰው ጊዜ እየጠበቀ ነው ይባልለታል። አንቺ ግን የቀበርናትን እናታችንን አሳቅሻት። ከኅዳር ጀምሮ ስንት ጊዜ አሳቅሻት? ስንት ጊዜ አስመረቅሻት? ያን ዕለት ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከመልእክትሽ በኋላ ግን እኔ ብናገር አንቺን ውሸታም ማድረጌ ነው ብዬ ፈራሁ። ላንቺ ስል እኔም ዋሸሁ። በማግስቱ ሃሚልተን በምትባል የበግ አገር ሱቅ ገባና ከበግ ለምድ የተሠራ የቤት ጫማ መረጠላት፤ ለፋሲካ እገባለሁ፣ ብርዱን ትከላከልበታለች አለኝ። የእግሯን ቁጥር ጠየቀኝ። ነገርኩት።

የሆነው የሆነው ዋርናምቡል ላይ ነው፤ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ነዳጅ ሊቀዳ ቆሞ እኛ በአማርኛ ስናወራ አንድ የፕላስቲክ ቦቲ ያደረገ ወጣት ሰምቶን እየሮጠ መጣ። እንዳሻው ይባላል፣ እዚያው ቄራ ነው የሚሠራው። በዚያ ሁሉ አገር አበሻ በማግኘቱ ሊያብድ ደረሰ። ከየት ናችሁ አለን። ከደብረ ብርሃን አለው ሰይፉ። እሱም የዚያው ልጅ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚጠየቅ ታውቂያለሽ፤ የማን ልጆች ናችሁ አለን። ሰይፉ ደረቱን ነፍቶ የእማማ አበባ ልጆች ነን አለው።

ልጁ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ከሰይፉ ኋላ ቆሜ ራሴን ብነቀንቅለት፣ በዓይኔ ብለምነው፣ ያዘንኩ መሰለውና ጭራሽ ባሰበት። ነፍሳቸውን ይማር፣ እናቴ ቀብራቸው ላይ ነበረች፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ሞልቶ ነበር ብላኛለች፣ እግዜር ያጥናችሁ አለ። ሰይፉ የነዳጁን ቧንቧ እንደያዘ ቀረ። ነዳጁ ሞልቶ ሲቆም ወደ ቦታው መለሰው፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ገብቶ ከፈለ። ከዚያ ተመልሶ የልጁን እጅ ጨበጠና ስለነገርከኝ እግዜር ይስጥህ አለው። ይሰማሻል ወይ እትዬ? አመሰገነው። ባዳውን ልጅ፣ ነዳጅ ማደያ ላይ፣ አመሰገነው።

እሪ የሚል መስሎኝ ነበር፤ ልይዘውም እጄን ዘርግቼ ነበር። ካራቫኗ ከመኪናው ጋር በደንብ መያያዟን አይቶ ነዳ። ኮላክ የምትባል ከተማ ደረስን። እዚያ ሐይቁ ዳር አቆመና መቼ ነው አለኝ። በኅዳር አልኩት። አርባዋስ አለኝ። ወጥቷል አልኩት። ገናን ሀይለየሱስ ቤት ስበላ እነሱ ያውቁ ነበር አለኝ። አዎ አልኩት። ከዚያ ቪዲዮውን አይታ ሳቀች የተባለውስ ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ ለሀይለየሱስ መጣን ብዬ ጽፌለት ስለነበር ሜልበርን ስንደርስ ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጅ ላይ ቆሟል፤ ሴቶቹ መኪናውን ሲያዩ ልቅሶውን አቀለጡት። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ካራቫኗን ወደ ኋላ በመንዳት ካልሆነ ማስገባት አይቻልም። እነዚያ ሁሉ ለቀስተኞች እያለቀሱ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ በቃ በቃ እያሉ ሲመሩት አይቼ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ሰይፉ ወርዶ አንድ በአንድ አያቸው። ማንንም አልሰደበም። ግቡ፣ ቤቱ የእናንተ ነው ብሎ ካራቫኗ ውስጥ ገባና በሩን ከውስጥ ዘጋው።

ሦስቱንም ቀን አልወጣም። ሰዉ ቤቱ ውስጥ ተሰብስቦ እኔን ያጽናናል፣ ንፍሮ ይበላል፣ ቄሱ ይጸልያሉ፤ የሐዘኑ ባለቤት ደጅ ላይ ነው። ሀይለየሱስ በሩን እያንኳኳ ላንተ ብለን ነው፣ ላንተ ጤና ብለን ነው እያለ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ። እኔ ምግብ ሳስገባለት ይቀበለኛል፣ ይበላል፣ ዕቃውን አጥቦ ይመልሳል። አንድ ጊዜ ብቻ እጄን ይዞ አፈር ሳላለብሳት ይቅር፣ ሩቅ ነኝ፣ ታምሜም ነበር፤ ግን እናንተ ስታለቅሱ እኔ ስስቅ እንድከርም ማን ፈረደብኝ አለኝ። ያኔ አለቀሰ። ጮክ ብሎ አይደለም፣ እንደ ሕፃን አገጩ እየተንቀጠቀጠ ነው ያለቀሰው።

ኤርፖርት ሲሸኘኝ ላንቺ የላከው መልእክት እንዲህ የሚል ነው። ለአስካሉ ንገሪያት፣ ደህና ነን የሚለውን ቃሏን ከእንግዲህ አላምነውም። የሚሞትም ቢኖር ሰው እንዳትልክብኝ፣ እኔም ስሞት አልልክባትም አለ። ቁጥርሽን አጥፍቶታል። ለፋሲካም አይገባም። ጫማውን ሃሚልተን ላይ ከነማሸጊያው በእኔ ሻንጣ ውስጥ ከትቶት ነበር፤ ውሰጂው፣ አንቺ ነሽ ቁጥሩን ያወቅሽው አለኝ። ከዚህ የበለጠ ምን ሊለኝ ይችላል?

እኔ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ሽማግሌ ወይም አሮጊት ባረፈ ቁጥር አለቃዬ ስልኩን ታነሳና ለልጆቻቸው ደውላ እናትዎ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል፣ ሐዘንዎን እካፈላለሁ ትላለች። በቃ፣ ያው ነው። እነዚህ ሰዎች አንጀት የላቸውም እያልኩ ስንት ጊዜ አማኋቸው። ባለፈው ሳምንት እንደዚያ ስትደውል አጠገቧ ነበርኩ። ከወዲያ በኩል ያለው ልጅ ሲያለቅስ ሰማሁት። እናቱ በሞተች ቀን ነው ያለቀሰው። ቀናሁበት።

ክፉ ሰው ነሽ አልልሽም። እማዬን ያስታመምሽ፣ ዓይኗን የከደንሽ፣ ለቀብሯ የቆምሽ አንቺ ነሽ፤ እኛ በሩቁ ነን። ብቻሽን ተሸክመሽ ለእኛም ልትሸከሚልን አሰብሽ። ነገር ግን የሰውን ሐዘን መሸከም አይቻልም፣ መቀማት ብቻ ነው የሚቻለው። ሰይፉን ቀምተነዋል። እኔም አብሬሽ ቀምቼዋለሁ።

ለባልሽ ለጋሼ ተኽለሚካኤል ከአክብሮት ጋር ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ኢዮብንና ሐሴትን ሳሚልኝ፣ ፀሎት ፎቶዋን በፖስታው ውስጥ አድርጋላቸዋለች። ለጎረቤታችን ለእትዬ እታገኝ፣ ለዕድሩ ዳኛም እንዴት ናችሁ በይልኝ፤ በሐዘናችን ቀን ስላልተለዩን ብድራቸውን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ።

ለአባባ ግን በአንቺ በኩል ሰላምታ አልልክም። ወደ አውስትራሊያ ከመሄዴ በፊት ስደውል ተኝቷል ትይኝ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ነው ትይኝ ነበር። አሁን ደግሞ በምትልኪልኝ መልእክት ሁሉ አባባ መርቆሻል ትያለሽ። ምርቃቱን ከእሱ አፍ ልስማው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ስልኩን እጁ ላይ አድርጊልኝ፤ መናገር ቢያቅተው ይሳል፣ ሳሉን አውቀዋለሁ። እሱን ማድረግ ካልቻልሽ ሰው እንዳትሰበስቢብኝ፣ ማንንም በማለዳ እንዳታስነሺብኝ። ሥራ ላይ ብሆን፣ ትራም ውስጥ ብሆን፣ ቆሜም ብሆን ስልኬን አነሳዋለሁ። ራስሽ ንገሪኝ።

እህትሽ ተናኘ
ፍራንክፈርት፣ ጻይልስሃይም
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.