ከኮንጋ ወዲህ የሚጠፋው ስልኬ

ሰኞ

አሁንም ጠፋ። ለሀና መልእክቱን እያስነበብኳት ነበር፤ "ዓርብ ጠዋት በቪዲዮ..." ላይ ስትደርስ ጭልም። ባትሪው ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። ሀና፣ አብራኝ የምትኖረው፣ ሳቋን ለቀቀችው። "አንቺን አይቶ ነው የጠፋው!"

እኔ ግን አልሳቅኩም። ከተመረቅኩ ወዲህ እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰኝ የመጀመሪያዬ ነው። አሪቻ ያለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የጥራት ባለሙያ ይፈልጋል። ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነው። መሃል ላይ ከጠፋብኝ፣ ዘጋችብን ነው የሚሉት። የሀናን ልዋስ ብል የእሷ የፊት ካሜራ ተሰንጥቆ ፊቴን ሁለት ያደርገዋል። ሞክረነዋል። ከሁለቱ አንዳቸውም ሥራ የሚቀጠሩ አይመስሉም።

የምጠረጥራቸው፦
ባትሪው።
ሙቀት።
በቅርቡ የጫንኩት ፎቶ ማሳመሪያ።
የቅዳሜው ዝናብ።

ዝናቡን ሰርዤዋለሁ። ቅዳሜ ኮንጋ አጎቴ ጋ ነበርኩ። ዝናብ ድንገት ሲመጣ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ላስቲክ ልናለብስ ስንሯሯጥ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ራሰ። ሩዝ ውስጥ ይከተት ይባላል፤ ቤት ውስጥ ሩዝ አልነበረም። ያለው ጀንፈል ነው፣ ከነቆዳው የደረቀ ቡና፣ ጆንያ ሙሉ። "ጋሼ፣ የደረቀ ቡና እኮ እርጥበት ይስባል" ብዬ እንደ መምህር አስረዳኋቸው። አጎቴ በጣም ተደነቁ። ስልኩ ጆንያው ውስጥ አደረ። በነጋታው ቡና ቡና እየሸተተ ተከፈተ። እንግዲህ ዝናቡ ነፃ ነው።

ማክሰኞ

ማሳመሪያውን አጠፋሁት። ስልኩም ጠፋ።

ቀዝቀዝ ይበል ብዬ ከእንስራው ጎን አስቀመጥኩት። አልጠፋም! ደስ ብሎኝ ላነሳው ስል ጠፋ። ባጃጅ ውስጥ ጠፋ። ኪሴ ውስጥ ጠፍቶ፣ ራሱ ተነስቶ፣ እንደገና ጠፋ። የራሱ ፕሮግራም ያለው ነው የሚመስለው።

"ጠበል ልርጭልሽ እንዳልል ውኃ ነው" አለች ሀና።

"እኛ ቸርች ይጸለይለታል እንጂ አይረጭም።"

"ታዲያ አስጸልዪዋ፣ ዓርብ እኮ ደረሰ!"

የሚገርመው ግን መናደዴን እየረሳሁ ነው። ለምን እንደሚጠፋ ማወቅ እፈልጋለሁ። ቢሠራም ባይሠራም።

ረቡዕ

መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሞባይል ሠሪ ቢኒ ጋ ጠዋት ወስጄ ተውኩለት። ከሰዓት ስመለስ ሙዚቃ እያጫወተበት አገኘሁት።

"አንዴም አልጠፋም" አለኝ።

"አንዴም?"

"እህቴ፣ ስልኩ ጤነኛ ነው። እጅሽን አስመርምሪ።" ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁብኝ። ስልኩንና ከቨሩን በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ።

በመንገድ ላይ ከቨሩን አልብሼ ያዝኩት። ቤት ሳልደርስ ጠፋ።

ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ግን አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ሳስበው፣ ቢኒ ትልቅ ነገር ነግሮኛል። እሱ ጋ አይጠፋም፤ እኔ ጋ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ልዩነት አለ።

ሐሙስ

የቢኒን ሱቅ ቤታችን ውስጥ ሠራነው። ሀና ቢኒ ሆነች፤ "ቀጣይ!" እያለች ወንበሯ ላይ ተኮፈሰች። ሙዚቃ ከፈትን፤ ጠፋ። በሌላ ቻርጀር ሰካነው፤ ጠፋ።

ከዚያ የትናንቱን ፌስታል ወንበር ላይ ተጥሎ አየሁት። ስልኩና ከቨሩ ለየብቻ ነበር የተሰጡኝ! ቢኒ ቀኑን ሙሉ የሠራበት ራቁቱን ነው።

ከቨሩን አወለቅኩት። ምሳ በልተን፣ ዕቃ አጥበን ጨረስን፤ አልጠፋም። አለበስኩት። ጭልም። ሀና ጮኸች። እኔም ጮህኩ። እንደገና ካላየሁ አላምንም ብላ ራሷ አለበሰችው። ጭልም።

ግን ከቨሩ እኮ አሮጌ ነው። ለምን አሁን? ስልኩን ወደ መስኮቱ ይዤ ጎኑን አየሁት። የማጥፊያው ቁልፍ ዘመም ብሏል፣ ስጫነውም እንደ ድሮው ቀጭ አይልም። አንድ ነገር ሥር ገብቶ ይዞታል። ከቨሩ ትንሽ ጠበቅ ሲያደርገው ስልኩ ጣት የተጫነው ይመስለዋል። በመርፌ ቀስ ብዬ ፈለፈልኩ። ቡናማ፣ ቀጭን፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነገር ወጣ።

አሸተትኩት።

ጀንፈል!

ዝናቡ ንጹሕ ነው። ጥፋተኛው መድኃኒቴ ነው። በሳቅ ፈረስኩ፤ ሀና ምን ሆነች ብላ ደነገጠች።

ዓርብ

ቁልፉ ቀጭ ይላል። ቢሆንም ከቨሩን አላለበስኩትም። ስልኩን በጀሪካን አስደግፌ ተቀመጥኩ። ሀና በሩ ላይ ዘብ ቆማለች።

ጠያቂዎቹ አንድ ሰውዬና አንዲት ሴት ናቸው። ስለ ማድረቂያ አልጋ ጠየቁኝ፤ በደንብ መለስኩ። ሴትየዋ "ቡና በቂ መድረቁን በምን ታውቂያለሽ?" ስትለኝ አፌን ከፈትኩ። ጭልም።

ስልኬን አፈፍ አደረግኩት። ግን የጠፋው የእነሱ ምስል ነው፤ የእኔ ስልክ በርቷል! ትንሽ ቆይተው ደወሉ። "ይቅርታ እህት፣ የእኛ ስልክ ጠፍቶብን ነው።"

"ችግር የለም፣ ያጋጥማል" አልኩ፣ በነገሩ እንዳረጀ ሰው።

ተማክረን እናሳውቅሻለን አሉኝ። ሴትየዋ ፈገግ ብላ ነበር። ወይም ለኔ መስሎኝ ነው።

ከዚያ አጎቴ ጋ ደወልኩ።

"ልጄ፣ ስልኳ ዳነች?"

"ዳነ፣ ጋሼ፤ ግን—"

"ብዬ ነበር! ሰፈሩን ሁሉ ነግሬያለሁ፤ የተማረች ልጅ ናት ያሳየችኝ ብዬ። ትናንት ዝናብ ነበር፤ የወንጌላዊው ስልክ አሁን ጆንያ ውስጥ ናት። የመምህሩም ገብታለች።"

"ጋሼ፣ ያውጧቸው! ... ቆይ፣ ቆይ። በጨርቅ ጥብቅ አድርገው ጠቅልለው ይመልሷቸው።"

"ይሄም ትምህርት ነው?"

"አዎ፣ ጋሼ። ትናንት ነው የተማርኩት።"

ነገ መርፌዬን ይዤ ኮንጋ እሄዳለሁ። ጨርቁ መሥራቱንም ማየት እፈልጋለሁ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ያለ ከቨር። እስካሁን አልጠፋም። ከአሪቻም እስካሁን አልደወሉም።