የጸሐይወርቅ መጽሐፍ ከዝናቡ በኋላ

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ ለሰርክአዲስ በላይነህ፣
ደብረ ታቦር።

እታለም፣ እንደ ደብረ ታቦር ብርድ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው? ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትደርሳለች? ጾሙስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እዚህ ካርቱም እንደሚሉት ሐምዱሊላህ ነው። ሥራዬም ያው ዐማራት በሚባለው ሰፈር፣ ሻሪዕ አርባ አንድ በሚሉት መንገድ ያለው ቢሮ ነው። ጠዋት አጸዳለሁ፣ ቀን ሻይ አፈላለሁ፣ ጁምዓ፣ ዓርብ ዓርብ፣ አርፋለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ነገር በስልክ የሚነገር አልሆነልኝም። ሁለት ጊዜ ጀምሬው አንዴ መስመሩ ተቆረጠ፣ አንዴ ደግሞ እኔው ተንተባተብኩ። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብሮ የሚደርስሽን መጽሐፍ ከመክፈትሽ በፊት እንዴት እንደተጻፈ ላጫውትሽ።

ጀብራ በሚባለው ሰፈራችን፣ አንድ ግቢ ውስጥ አብራኝ የምትኖር ጸሐይወርቅ የምትባል የባሕር ዳር ሴት አለች። አርባዎቹን ጀምራለች። ቀን ለአንድ ሱዳናዊ ቤተሰብ ምግብ ታበስላለች፤ ሰው የሚያውቃት በዚሁ ነው። እሷ ግን ደራሲ ናት፣ እታለም። ከዚህ በፊት ሁለት መጻሕፍት አዲስ አበባ አሳትማለች። የምትጽፈው ልብ አንጠልጣይ የፍቅር ልብወለድ ነው። ሁለት ሰዎች ይዋደዳሉ፣ ከዚያ አንደኛው የደበቀው ነገር ቀስ እያለ ይወጣል፣ አንቺም እንቅልፍ አጥተሽ ታድሪያለሽ። እኔ ደራሲ ማለት ትልቅ ጠረጴዛ ያለው፣ መነጽር ያደረገ ሰው ይመስለኝ ነበር። እሷ በሽንኩርት ቢላ እርሳስ ስትቀርጽ ሳይ አፌን ይዤ ቀረሁ።

የምትጽፈው ቀትር ላይ ነው። በዚህ አገር ቀትር ላይ ፀሐዩ ስለማያስወጣ የቤቱ ሰው ሁሉ ይተኛል። እሷ ያን ጊዜ የወጥ ቤቱ ትልቅ፣ ከላይ የሚከፈት ፍሪጅ ላይ ደብተሯን ዘርግታ፣ ቆማ ትጽፋለች፤ ቆርቆሮው ለክንዷ ስለሚቀዘቅዝላት ነው። እንዴት ከራስሽ አውጥተሽ ሰው ትፈጥሪያለሽ ብላት፣ «አልፈጥርም፤ እጠይቃለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የማትጠይቀው የለም። አንድ ቀን የቤቱን ዘበኛ ጂብሪልን የጓጉንቸር ቁልፍ ያለ መክፈቻ እንዴት እንደሚከፈት ጠየቀችው። ሰውዬው ደንግጦ ሮጦ ለእመቤቲቱ ነገራት። ተጠርታ ስትመረመር «የምጽፈው መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ልጅ የተቆለፈ ቤት ስለምትከፍት ነው» ብላ አስረዳች። እመቤቲቱ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ «ያላ፣ በይ ጸሐይ፣ የመጽሐፍሽ ጥፋተኛ ተያዘ?» እያለች ትጠይቃታለች። ጂብሪል ደግሞ ስለ ቁልፍ የሚያውቀውን ሁሉ አስተማራት።

ይህን አዲሱን መጽሐፍ ጁምዓ ጁምዓ ለእኛ ታነብልን ነበር። ስድስት ሴቶች ነን፤ ከሥራ የምናርፈው በዚያ ቀን ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ፅዮን የምትባል ልጅ ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ወንድሟ ወደ ሊቢያ እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ አልተሰማም። እሷም ለየቤቱ በረዶ በሚያከፋፍል የአገሯ ልጅ ፍቅር ተይዛለች። ሽማግሌ ሊልክ ሲዘጋጅ አንድ ቀን በረዶውን ሲያወርድ እጅጌው ይሰበሰባል። ክንዱ ላይ ያሰረው ሰዓት የወንድሟ ነው። እዚህ ላይ ጸሐይወርቅ ደብተሯን ዘግታ «የቀረው ለሳምንት» ስትል ሴቱ ሁሉ ጮኸባት። እኔ ያን ሳምንት ቢሮ ሳጸዳ ባልዲውን ሁለት ጊዜ ደፋሁት።

አሥራ አንድ ደብተር ሞላች። አዲስ አበባ ያለው አሳታሚም ቶሎ ላኪልኝ እያለ ይወተውታት ነበር። ልትልከው ስትል ነሐሴ ገባ። የዚህ አገር ዝናብ እንደ እኛ ቀስ ብሎ አይመጣም። በአንድ ከሰዓት ወረደና የክፍሏን ጣሪያ ከነግድግዳው ጫፍ አፈረሰው። ሁላችንም ሥራ ላይ ነበርን። ስንመጣ ደብተሮቹ የነበሩበት ካርቶን ውኃ ውስጥ ተኝቷል። ደብተሮቹን ሳነሳቸው እንደ ገንፎ በእጄ ላይ ፈረሱ፤ ቀለሙ ክርኔ ድረስ ወረደ። የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ሥራ ነው፣ እታለም! እኔ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ጭቃው ላይ ሳጥን ገልብጣ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ ጓደኛችን ወደ አበባ ዞራ፣ «ፅዮን ሰዓቱን ያየች ለት ምን ዓይነት ልብስ ነበር የለበሰችው?» አለቻት።

አበባ መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ናት። ፊደል አልቆጠረችም። ግን ዐይኗን ጨፈን አድርጋ «አረንጓዴ፣ ጫፉ የተተኮሰበት» ብላ ጀመረችና ያን ምዕራፍ አንድም ሳታጎድል እስከ መጨረሻው በቃሏ ተወጣችው። ጸሐይወርቅ ስታነብ ትንፋሽ የወሰደችበት ቦታ ላይ እንኳ እሷም ትንፋሽ ወሰደች። ጸሐይወርቅ ብድግ ብላ ወጣች፣ ከሱቅ ደረቅ ደብተር ገዝታ ተመለሰች። «እኔ ልስማ፤ አንቺ ጻፊ፣ እጅሽ የተረጋጋ ነው» ብላ ለእኔ ሰጠችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ጁምዓ ጁምዓ ስንተርክ፣ እኔም ስጽፍ ከረምን። አንዷ የረሳችውን ሌላዋ ታነሳለች። የምንጣላበትም ነበር። አበባ ፅዮን ሰዓቱን ስታይ እጇን ከቀሚሷ ስር ደበቀች አለች። እኔ የለም፣ ጠጋ ብላ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብላ ጠየቀችው፣ እንዲያሳያት ብላ ነው አልኩ። ተሟገትን። ጸሐይወርቅ ስታዳምጠን ቆይታ፣ «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። እኔ ዝም አለች ብዬ ነው የጻፍኩት» አለች። እፍረት መሬት ዋጪኝ አሰኘኝ። ጥቂት አሰበችና ግን «ያንቺን ጻፊው፣ ልደት። እሷ ብትሆን እንደዚያ ነበር የምታደርገው» አለችኝ። ያን ዓረፍተ ነገር ከራሴ ጻፍኩት። እኔ፣ ከስምንተኛ ክፍል የቀረሁት!

የቸገረን አሥራ አንደኛው ደብተር ነው። ማንም አልሰማውም፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚታወቀው በሱ ስለነበር ለማንም አላነበበችውም። እሱን ብቻዋን እንደገና ጻፈችው፣ ቀትር ቀትር፣ ያው ፍሪጅ ላይ። ስትጨርስ፣ ጥፋተኛውን እንደለወጠችው ነገረችኝ። ለምን ብላት፣ «ስትተርኩ ሰማኋችሁ። ስለ ሰዎቼ እኔ የማላውቀውን ታውቃላችሁ። መጀመሪያ የፈረድኩበት ሰው ንጹሕ ነበር» አለችኝ። ደራሲ በገዛ ልቧ ስለፈጠረችው ሰው ተሳስቼ ነበር ስትል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ከማን ወደ ማን እንደሆነ አልነግርሽም። አንቺም እንደ ልማድሽ መጨረሻውን ቀድመሽ እንዳታነቢ።

መጽሐፉ ታትሞ ባለፈው ሳምንት በመተማ በኩል በሚመጣ መንገደኛ እጅ ገባ። ጁምዓ ምስሩንና እንጀራውን አቀራርበን ተሰበሰብን። ጸሐይወርቅ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበበችልን። የጥፋተኛው ስም ሲጠራ አበባ ተነሥታ ቆመችና «አውቄው ነበር! በስመ አብ፣ አውቄው ነበር!» አለች። ከዚያ ሁላችንም እየተቃቀፍን ሳቅንም አለቀስንም።

ሴቶቹ ሲበተኑ ጸሐይወርቅ አንዱን መጽሐፍ ለእኔ ሰጠችኝ፤ «መጀመሪያውን ገጽ አየሽው?» አለችኝ። ገለጥኩት። «ይህ መጽሐፍ በዝናብ ጠፍቶ በሴቶች አፍ ተመለሰ» ይላል። የአበባንና የሌሎቹን ስም ይጠራል። ከሥር ደግሞ «አሥሩን ደብተር በእጇ ለጻፈችልኝ ለልደት በላይነህ» ይላል። አባባ ወረዳው በር ላይ ተቀምጦ ዕድሜ ልኩን የሰው ማመልከቻ ሲጽፍ ኖረ፤ አንዱም ላይ ስሙ የለም። አሁን ከስሜ ቀጥሎ በማተሚያ ቤት ፊደል ወጥቷል። ጣቴን ላዩ ላይ አድርጌ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልቆጠርኩም። ጸሐይወርቅ ወጥታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችልኝ።

እንግዲህ መጽሐፉን የላኩልሽ ለቤተሰቡ እንድታነቢላቸው ነው። ባልሽን ጋሽ ዓለምነህን ከልቤ ሰላም በይልኝ፤ እሱም ማታ ማታ ቁጭ ብሎ ይስማ። ልጃችሁ ኪዳነምሕረት አሁን ማንበብ ችላለችና እየተቀባበላችሁ አንብቡ፤ ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለእትዬ ምንዳዬ፣ ለመሪጌታ ጥዑመልሳንም ሰላምታዬን አድርሺ፤ መሪጌታ በጸሎታቸው እንዳይረሱኝ። ኢንሻአላህ ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ ብያለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍቀድልኝ።

ለእማዬ ግን ከታሪኩ በፊት ያንን የመጀመሪያ ገጽ አንብቢላት። የአባባ ስም ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ ጆሮዋ ደከም ብሏልና እንዳያመልጣት።

የምትናፍቅሽ ታናሽሽ
ልደት በላይነህ
ካርቱም፣ ጀብራ
የካቲት 24 ቀን 2015 ዓ.ም.